ፒችትሪን አጥፍቶ እንደገና መጫን፦ ተረትና እውነታ

ከኢትዮጵያ ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። ከወደቡ ተርሚናል ከዶራሌ ለሚወጣው ኮንቴይነር የወደብ ክፍያ፣ የትራንስፖርትና የመጋዘን ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ደረሰኙ ደግሞ ሒሳብ ላይ መስፈር አለበት። ጅቡቲ ከተማ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ አካውንታንቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ያ ሒሳብ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የመያዙ ዕድል ሰፊ ነው። አገር ቤት የተማረው በእሱ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤትም የሚጠብቀው ያንኑ ፋይል ነው።

ፒችትሪ አልከፈት ሲል ከሁሉም ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «አንኢንስታል አድርገህ እንደገና ጫነው።» ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው በማጥፋቱና በመጫኑ መካከል ከሚነገሩት ተረቶች ነው፤ በእነሱ የተነሣ የዓመት ሒሳብ ሊጠፋ ይችላል።

«አይከኑን አጥፍቼዋለሁ፣ ፎልደሩንም ዲሊት አድርጌዋለሁ»

አይከን የበር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ቢነቀል ቤቱ አይፈርስም። ፎልደሩን በእጅ ማጥፋት ግን ይብሳል። ፕሮግራሙን በሥርዓት የሚያወጣው ማጥፊያ ራሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የፕሮግራሙ ስም ዝርዝሩ ላይ ይቀራል፤ ሲጫኑት ስሕተት አለ ይላል፤ አዲሱ ሲጫንም «ቀድሞ ተጭኗል» ብሎ ሊያስቸግር ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ በዊንዶውስ ሴቲንግ በኩል አፕስ የሚለውን ከፍቶ አንኢንስታል ማለት ነው። ጅቡቲ ውስጥ ብዙ ኮምፒዩተር ዊንዶውሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባ በስልክ የሚነግራችሁን ቃል ስክሪኑ ላይ አታገኙትም። የምትፈልጉት «ፓራሜትር»፣ ከዚያ «አፕሊካሲዮን»፣ ከዚያ «ዴዛንስታሌ» የሚለውን ነው። ባልደረባው «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለው ፎልደር እናንተ ጋ «ፕሮግራም» ብቻ ተብሎ ይታያል፤ «ዩዘርስ» የሚለው ደግሞ «ዩቲሊዛተር» ነው። ፎልደሮቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚታየው ስም ብቻ ነው።

«አንኢንስታል ካልኩት ሁሉም ወጥቷል»

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ፒችትሪ የምንለው በእርግጥ ሦስት ነገር ነው፦ ስክሪኑ ላይ የምናየው ፕሮግራም፣ ከሥር ሆኖ መረጃውን የሚያነብና የሚጽፍ ፐርቫሲቭ የተባለ የዳታቤዝ ሞተር፣ እና የድርጅቱ ሒሳብ የተጻፈባቸው ፋይሎች። ፒችትሪን አንኢንስታል ስታደርጉ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። ፐርቫሲቭ በራሱ ስም ዝርዝሩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። (ሞተሩን የሠራውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 አክቲያን የተባለ ኩባንያ ስለገዛው በአዲሶቹ እትሞች በአክቲያን ስም ልታገኙት ትችላላችሁ።) ብልሽቱ ከሞተሩ ከሆነ፣ አዲሱ ፒችትሪ የሚያርፈው በዚያው በታመመው ሞተር ላይ ነውና ያው የስሕተት መልእክት ተመልሶ ይመጣል። ሰው ሦስት አራት ጊዜ ጭኖ የሚሰለቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፒችትሪ ይወጣል፤ ቀጥሎ ፐርቫሲቭ ይወጣል፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ሪስታርት ይደረጋል። ፐርቫሲቭን ከመንካት በፊት ግን ሁለት ነገር ይጣራ። ሌላ ፕሮግራም ይጠቀምበታል? ይህ ኮምፒዩተር የቢሮው ሰርቨር ነው? ሰርቨር ከሆነ ሞተሩ ሲወጣ የሁሉም ሰው ፒችትሪ አብሮ ይቆማል።

ከዚህ በኋላም ቅሪት ይኖራል። «ፕሮግራም ዳታ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ዳታው የት እንዳለ ለፕሮግራሙ የምትጠቁም አነስተኛ የሴቲንግ ፋይል ልትቀር ትችላለች፤ አዲሱም ተጭኖ ወደ አሮጌው ቦታ የሚሄደው በእሷ ምክንያት ነው። የተደበቀውን ለማየት ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ያስፈልጋል።

«አንኢንስታል ሒሳቡን ያጠፋዋል»

ብዙዎች ይህን ፈርተው የተበላሸውን ፕሮግራም ለወራት ይታገሉታል። እንደ ደንቡ ማጥፊያው የድርጅቱን ዳታ አይነካም። ሒሳብ የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሰው እጅ ነው፤ ቅሪት አጸዳለሁ ብሎ ፒችትሪ የሚል ስም ያለበትን ፎልደር ሁሉ ሲሰርዝ፣ የድርጅቱ ሒሳብ ያለበት ፎልደር ከውስጥ እንዳለ ሳያይ አብሮ ይሰርዘዋል።

ፕሮግራሙ ገና የሚከፈት ከሆነ ሜንቴን ከሚለው ሜኑ ካምፓኒ ኢንፎርሜሽንን ክፈቱ፤ ዳይሬክተሪ የሚለው መስመር ዳታው የተቀመጠበትን ቦታ ይነግራችኋል፤ ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀጥሎ ከፒችትሪ ውስጥ ባክአፕ አድርጉ፤ መጨረሻው ፒቲቢ የሚል ፋይል ይወጣል። ፕሮግራሙ ከነአካቴው የማይከፈት ከሆነ ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ወጥቶ፣ ሞተሩም ቆሞ፣ የድርጅቱን ፎልደር እንዳለ መገልበጥ ነው። ባክአፑ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከቀረ ባክአፕ አይባልም። ወደ ፍላሽ ይሂድ፤ በሌላ ኮምፒዩተር ላይም ይከፈትና ሒሳቡ ይታይ።

«ካጠፋነው አይቀር አዲሱን ቨርዥን እንጫን»

ለጅቡቲ ቢሮ ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው እላለሁ። ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፒችትሪን እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛው፤ በ2012 ደግሞ ስሙን ሴጅ 50 አለው፤ እኛ ግን በድሮ ስሙ ቀጥለናል። አዲሱ እትም የአሮጌውን ዳታ ሲከፍት ወደ ራሱ መልክ ይለውጠዋል፤ ከተለወጠ በኋላ አሮጌው እትም አይከፍተውም። ጅቡቲ ያለው ቢሮ ከጓደኛ በፍላሽ ያገኘውን አዲስ እትም ጭኖ ፋይሉን ወደ አዲስ አበባ ቢልክ፣ በአሮጌው የሚሠራው ዋና መሥሪያ ቤት ሊያነበው አይችልም። ከማጥፋታችሁ በፊት የእትሙን ቁጥርና ሲሪያሉን መዝግቡ፤ የምትጭኑትም ያንኑ ይሁን።

ስለ ሪስታርት አንድ ቃል። «ዘግቼ ከፍቼዋለሁ» ማለት በዊንዶውስ 10 እና 11 ሪስታርት ማለት አይደለም። ፈጣን አነሳስ የተባለው ሴቲንግ ከበራ፣ ሻትዳውን ስትሉት ዊንዶውስ የሥርዓቱን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሥራ ላይ ስለነበሩ ያልተሰረዙና ለቀጣዩ መነሻ የተቀጠሩ ፋይሎች የሚሰረዙት «ሪስታርት»፣ በፈረንሳይኛው «ሬደማሬ»፣ ሲባል ነው።

ሬጂስትሪ የተባለውን የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ያጸዳሉ የሚባሉትን ፕሮግራሞች ተዉአቸው። ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም፤ የቀሩ ጥቂት መስመሮችም ኮምፒዩተር አያዘገዩም። አንቲቫይረስ ማውጣት ግን የተለየ ነው፤ ሥር ሰድዶ ስለሚገባ እንደ ካስፐርስኪና ኢሴት ያሉ አምራቾች የየራሳቸውን ማጥፊያ በነጻ ይሰጣሉ፤ ተራው አንኢንስታል ካቃተው እሱን ተጠቀሙ።

«ፎርማት ካልተደረገ አይጠራም» የሚለው ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አጭሩን መንገድ ነው። ፎርማት ፕሪንተሩን፣ የግዕዝ ፊደሉን፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል፤ ለአንድ ፒችትሪ ብልሽት የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። ቴክኒሻኑ ኮምፒዩተሩን ሊነካ ሲል ሌላ ማሽን ላይ የተከፈተውን ባክአፕ አሳዩት። የምታሳዩት ከሌለ፣ እስኪኖር ድረስ አታስነኩት።