ሩሯን ስትመቱ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ለምንድን ነው?

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ መርጡለ ማርያም አካባቢ ሜዳ ላይ ቆማችኋል እንበል። ሩሯ እየተንከባለለች መጣች። ጫፉ ቆልመም ያለውን ዱላችሁን አንስታችሁ መታችኋት። አንዳንዴ ሩሯ ተስፈንጥራ ትሄዳለች፣ እጃችሁም ምንም አይሰማው። አንዳንዴ ደግሞ በዚያው ጉልበት መትታችሁ ዱላው እጃችሁን ይነዝራችኋል፤ ከመዳፋችሁ ሊያመልጥም ይታገላል። ዱላው ያው፣ ጉልበቱም ያው። የተለየው ሩሯ ዱላውን ያገኘችበት ቦታ ነው።

ይህን ለማየት ገና እስኪደርስ መጠበቅ የለባችሁም። 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙ። ጣታችሁን አስፈንጥራችሁ ጎኑን፣ 15 ቁጥር ላይ፣ ምቱት። ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ቀጥሎ 30 አጠገብ ጫፉን ምቱት። አሁን ይሽከረከራል። ዜሮ ያለበትን ጫፍ ግን ልብ በሉ፤ እናንተ ወደ ፊት ገፍታችሁ እሱ ወደ ኋላ ይመጣል!

በር ስትከፍቱ ማጠፊያው አጠገብ ብትገፉ ይከብዳል፣ እጀታው ጋ ብትገፉ ይቀላል አይደል? ኃይል ከመዞሪያው ሲርቅ የማሽከርከር አቅሙ ይጨምራል። ይህ አቅም ቶርክ ይባላል። ማስመሪያው ማጠፊያ ስለሌለው ርቀቱን የምንለካው ከመሀሉ፣ ማለትም ከክብደት ማዕከሉ ነው። 15 ላይ ስትመቱ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ቶርክም የለም። ጫፉን ስትመቱ ግን ግጭቱ በቆየባት ቅንጣት ጊዜ ውስጥ ቶርኩ ለማስመሪያው ሽክርክሪት ይሰጠዋል። የዚህ ሽክርክሪት መጠን አንጉላር ሞመንተም ይባላል።

አሁን 20 ላይ ምቱት። ዜሮው ጫፍ በዚያች ቅጽበት ባለበት ይቀራል። መሀሉ ወደ ፊት ሲሄድ ጫፉን አብሮ ሊወስደው ይፈልጋል፤ ሽክርክሪቱ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። 20 ላይ ሁለቱ እኩል ለእኩል ይጣፋሉ። ዜሮው ጫፍ እጃችሁ የያዘው ቦታ ነው ብላችሁ አስቡ። ሩሯ እዚያ ነጥብ ላይ ካረፈች እጀታው ወደ የትም አይገፋም። ከነጥቡ ወደ እጃችሁ ቀርባ ወይም ወደ ጫፉ ርቃ ከመታች ግን እጀታው ወደ አንዱ ወገን ይፈናጠራል። (ዱላው ራሱ ይንቀጠቀጣልና ንዝረቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል አልልም።)

አንድ ነገር ግን ይቀራል። በጣታችሁ ፈንታ ላጲስ ወርውራችሁ ማስመሪያውን ጫፉ ላይ ምቱት። ላጲሱ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፣ ማስመሪያው ቆሞ ነበር። ታዲያ ሽክርክሪቱ ከየት መጣ? ከላጲሱ ነው! ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር እንኳ ከማዕከሉ ራቅ ብሎ ካለፈ አንጉላር ሞመንተም አለው፤ ክብደቱን በፍጥነቱና በርቀቱ ማባዛት ነው። 20 ግራም ላጲስ በሰከንድ 2 ሜትር እየሄደ ከመሀሉ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢመታ 0.02 × 2 × 0.15 = 0.006 ይሆናል። ከግጭቱ በኋላ ማስመሪያውና ላጲሱ ይህንኑ 0.006 ይካፈሉታል እንጂ አዲስ አይፈጠርም። መሀሉን ቢመታው ግን የሚካፈሉት ዜሮ ነው።

ወጥ በሆነ ዘንግ ላይ ነጥቡ ከያዛችሁት ጫፍ ሁለት ሦስተኛው ላይ ይገኛል። የገና ዱላ ግን ጫፉ ስለሚከብድ ነጥቡ ወደዚያ ይሸሻል። የራሳችሁን ለማግኘት ዱላውን በምትይዙበት ቦታ በሚስማር ላይ አንጠልጥላችሁ በትንሹ አወዛውዙት። አጠገቡ፣ በዚያው ከፍታ፣ ትንሽ ጠጠር በክር አንጠልጥሉ። ሁለቱ እኩል እስኪወዛወዙ ክሩን አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ። ከዚያ ሁለቱንም አቁማችሁ፣ ጠጠሩ ዱላው ላይ የሚደርስበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ሩሯን በዚያ ምቷት።