ያውቁ ኖሯል? እባብን ጋቢ አያሞቀውም

አርሲ ነገሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ጋቢ ያስደርባል። እባብን ግን በጋቢ ቢጠቀልሉት ትርፉ ድካም ነው። ጋቢ የሚጠብቀው ከገላ የሚወጣውን ሙቀት ነው፤ እባብ ደግሞ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ፣ ከድንጋይና ከአፈር ነው። ከበረደው ሆዱ መፍጨት ያቆማል፤ የዋጠው አይጥ ውስጡ ይበሰብስና ብዙ ጊዜ መልሶ ይተፋዋል።

ስለዚህ እባብ የሚያረቡ ሰዎች የሳጥኑን አንድ ጫፍ ብቻ ያሞቃሉ። ለብዙ የአፍሪካ ዘንዶዎች ይህ ጫፍ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል፤ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል፤ እንስሳው እንዳሻው ወዲህና ወዲያ ይሳባል። መብራት ከጠፋ (መቼም ይጠፋል!) ሙቅ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት ነው። ጨርቁ አይዘለል፤ እባብ ሆዱ እየተቃጠለም ከሞቀው ቦታ ላይነሣ ይችላል።

የእኛው አገር ደጋ ግን ለየት ያለ እባብ አለው። በኢትዮጵያ ከፍታዎች ብቻ የሚኖረውና በ1977 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበው የተራራ እፉኝት፣ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ፣ ቅዝቃዜ ይስማማዋል። በውጭ አገር የሚያረቡት ሰዎች የሚጨነቁት ክፍሉ እንዳይሞቅበት ነው።