የመድረኩ ጎጃሜና የገበያው ጎጃሜ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ ብሔራዊ ትያትር ለመድረስ ታክሲ አያስፈልግም፤ በእግር ይደረሳል። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን አንድ ልብስ ሁለት ዓይነት አቀባበል ይገጥመዋል። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ መድረክ ላይ እስክስታ የሚወርድ ወጣት ይጨበጨብለታል። ያንኑ ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ለቀን ሥራ ከጎጃም የመጣ እኩያው ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም «ፋራ» ይባላል። ይህ ጉዳይ ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ ዕድሜው ከትያትር ቤቶቻችን ዕድሜ ጋር ይቀራረባል።

ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። የዛሬው ብሔራዊ ትያትር፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር፣ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። የየአካባቢው ዘፈንና ጭፈራ ከሠርግ ቤትና ከዓውደ ዓመት ሜዳ ወጥቶ መጋረጃ ወዳለው መድረክ ሲገባ የልብሱ ነገር አብሮ ተለወጠ። ያው ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት ጎጃሜም፣ ወሎዬም፣ ጉራጌም መሆን አለበት፤ ልብስ ለመቀየር ያለው ጊዜ የአንድ ዘፈን ዕድሜ ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ተመልካችም ዘፈኑ ከየት እንደሆነ ወዲያው እንዲለይ ይፈለጋል። ስለዚህ ለአንድ አካባቢ አንድ ቀለምና አንድ ስፌት ተመደበለት። በደርግ ዘመን እስከ ቀበሌ የወረዱት የኪነት ቡድኖች ይህንኑ አባዙት፤ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን ባሕር አሻግሮ አሳየው፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በየዓመቱ ኅዳር 29 ያድሰዋል። በአዝማሪ ቤቶች ጠባብ ወለል ላይም ሆነ ሰፊ አዳራሽ ባላቸው የባህል ምግብ ቤቶች የሚታየው ልብስ ከዚያው መድረክ የተቀዳ ነው።

መድረኩ ሁሉን ከራሱ ፈጠረ ማለት ግን ስህተት ነው። አረንጓዴውን ቁምጣ ያመጣው ከገበሬው ነው። በጎጃም ወረዳዎች ኮትና ቁምጣ በአንድ ጨርቅ አሰፍቶ መልበስ እውነተኛ የወንድ አለባበስ ነው፤ ሸማ ደግሞ ከላዩ ይደረባል። ሰፊው በገበያ ቀን በእግር የሚመታ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ያወጣል፤ ጎረምሳው ጨርቁን ይመርጣል፣ ይለካል፣ ስለ ኪሱ ክዳን ይከራከራል። ጨርቁ የፋብሪካ ነው። ከጥንት ወርዶ የመጣ አይደለም፤ በጊዜው ፋሽን የነበረ፣ ገበሬው አይቶ የመረጠውና ለራሱ ሥራ እንዲመች ያሳጠረው ልብስ ነው። አዲስ አበቤ ይህንን ልብስ «ጥንታዊ» ብሎ ሲጠራ ከገበሬው ላይ ምርጫውን ይቀማዋል፤ እኔን ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

የገጠሩ ሰው ከውጭ ጨርቅ ጋር የተዋወቀው ብዙዎች ከሚገምቱት ቀድሞ ነው። የአሜሪካው ልዑክ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. ምኒልክ ዘንድ ሲመጣ የአገሩ አቡጀዲ ገበያውን ይዞት ነበር። በኋላም ከኢጣልያ ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት የጃፓን ጨርቅ በዋጋ ረክሶ ገባና የአሜሪካውን ገፋው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ የፋብሪካ ጨርቅ ጎጃም ደጃፍ ላይ ይመረት ጀመር። ዛሬ የገጠር ገበያ ብትወርዱ ሳልባጅ ጃኬት፣ የእግር ኳስ ማልያ፣ ጂንስና ኮንጎ ጫማ ታገኛላችሁ፤ ከሁሉም በላይ ጋቢ አለ።

ጋቢው ያልቀረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የደጋ ብርድ አለ። ቀን ይደርቡታል፣ ማታ ይለብሱታል። ሸማ ግን ከሙቀትም በላይ ሥራ አለው። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው መስቀለኛ ያጣፋዋል፤ ለኀዘን የሚሄድ ያዘቀዝቀውና ጥለቱን ወደ ላይ ያመጣዋል፤ በድሮው ወግ ትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል። እናት ልጇ ነጠላዋን አጣፍታ ስትመጣ ከሩቅ አይታ ከየት እንደመጣች ታውቃለች። መድረክ ላይ ይህ ሁሉ ይቀራል። ጨርቁ ለዝላይ እንዲመች በስፌት ይያዛል፣ ወገቡ ላይ በላስቲክ ይታሰራል፤ ልብሱ ይታያል፣ አለባበሱ ግን አይታይም።

የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘባት አገርም የዚሁ ዕጣ ደርሷታል። ሜክሲኮ የኢጣልያን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ ባለውለታችን ናት፤ በዋና ከተማዋም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። እኛ ግን ሜክሲኳዊ ሲባል የሚመጣልን ባለ ሰፊ ባርኔጣው ፈረሰኛ ነው። ያ ልብስ ቻሮ የሚባሉት፣ በሰፋፊ ርስቶች ላይ ፈረስና ከብት የሚያሠሩ ሰዎች ልብስ ነበር፤ ማሪያቺ ሙዚቀኞች ለበሱት፣ ሲኒማ ደግሞ የአገር ሁሉ መለያ አደረገው። በቆሎ የሚኮተኩተው የሜክሲኮ ገበሬ ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም።

በእኛ ከተማ ይህ የተዛባ ሥዕል ዋጋ ያስከፍላል። ከሠንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ የቆሙት የባንክ ሕንፃዎች ሲሠሩ ስሚንቶውን የተሸከመው በአብዛኛው ከገጠር የመጣ ወጣት ነው። ያ ልጅ አዲስ አበባ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ የሚቀይረው ልብሱን ነው። ጋቢውን አጣጥፎ ከተከራየበት ቤት ያስቀምጣል፣ ሳልባጅ ሱሪ ይገዛል። የሚያፍርበት ልብስ ስለሆነ አይደለም፤ በጋቢው የተነሣ ቤት ለማከራየት የሚያመነታ አከራይ፣ በር ላይ የሚያስቆም ጥበቃ፣ «አንተ» ብሎ የሚያንጓጥጥ የታክሲ ረዳት ስለሚገጥመው ነው። በቴሌቪዥን ኮሜዲ ጋቢ የደረበ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ሲሳቅበት ያየ ሕፃን ነገ ከእነዚህ አንዱ ይሆናል።

ልብስ አዘጋጆች ይህንን የማስተካከል ዕድል አላቸው ብዬ አምናለሁ። ቁምጣው የየትኛው ወረዳና የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሰፊውን ጠይቆ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ተወዛዋዡ ሸማውን እንዴት እንደሚያጣፋ ከባለቤቶቹ እንዲማር ማድረግም እንዲሁ። ጊዜው ግን እየሄደ ነው። አሁን አሁን የገጠር ሙሽራ ለሠርጉ ሙሉ ልብስና ከረባት ያደርጋል። የአዲስ አበባ ሙሽሮች ደግሞ በመልሳቸው ዕለት የባህል ልብስ ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ፤ ከሚዜዎቻቸውም ዱላና አረንጓዴ ቁምጣ ተከራይቶ የሚመጣ አይጠፋም።