ከዓይን ጉድጓድ ስብራት በኋላ አንዱን ሁለት አድርጎ ስለማየት

የሰው ዓይን የሚኖረው በራስ ቅል ላይ ሰባት አጥንቶች ተጋጥመው በሠሩት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የዚህ ጉድጓድ ወለል እጅግ ስስ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ከበታቹም በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ያለው ባዶ የአየር ክፍል ይገኛል። ስለዚህ ቡጢ፣ ኳስ ወይም ክርን ዓይንን በኀይል በመታ ጊዜ፣ የጉድጓዱ አፍ ሳይሰበር ወለሉ ብቻውን ሊሰበር ይችላል። ስሚዝና ሪገን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ይህንኑ በሬሳ ላይ ፈትነው አስረድተዋል።

እያንዳንዱን ዓይን የሚያዞሩት ስድስት ጡንቻዎች ናቸው። ሁለቱ ዓይኖች ተስማምተው ወደ አንድ ስፍራ ሲመለከቱ አእምሮ ሁለቱን ሥዕል አንድ ያደርጋቸዋል። ነገር ግን በወለሉ ላይ የሚያልፈው ጡንቻ በስብራቱ ስንጥቅ ሲያዝ፣ ጤነኛው ዓይን ወደ ላይ ሲያይ የተጎዳው በቦታው ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። አንዱ ዓይን ሲሸፈን ሁለትነቱ ከጠፋ፣ ምክንያቱ የዓይኖቹ አለመስማማት መሆኑ ይታወቃል።

መምህራን በተለይ እንዲያስተውሉት የምንሻው የልጆችን ጉዳይ ነው። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ ቀንበጥ ጎብጦ ስለሚመለስ፣ ተሰንጥቆ ከተከፈተ በኋላ መልሶ ይገጥምና ጡንቻውን እንደ ወጥመድ ይይዘዋል። ልጁ ዓይኑ ሳይቀላ፣ ፊቱም ብዙ ሳያብጥ፣ ወደ ላይ ማየት ያቅተዋል፤ ያስታውከዋል፤ የልቡም ትርታ ሊዘገይ ይችላል። ይህን ከጭንቅላት ምት የመጣ ነው ብሎ አስተኝቶ ማሳደር አደገኛ ነው፤ የታነቀ ጡንቻ ደም አጥቶ ይሞታልና። ልጁ ራሱን ሳያንቀሳቅስ ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች በዓይኑ ይከተል፤ አንደኛው ዓይን ከቀረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጣቱን ቢከተልም እንኳ ያስታወከ ልጅ ሐኪም ሳያየው አይቅር። ጡንቻው የታነቀበት ልጅ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ይገባል። በዐዋቂ ሰው ግን ሁለትነቱ ከእብጠት ብቻ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙ 1 ወይም 2 ሳምንት ጠብቆ ሊወስን ይችላል።

በቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ የተያዘውን ጡንቻ ያስለቅቃል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ቀዳዳውን በስስ ልባስ ይሸፍነዋል። ብዙዎች በማግሥቱ አሁንም ሁለት ሲያዩ ሥራው ከንቱ የሆነ ይመስላቸዋል። ሆኖም አጥንት ተጠገነ ማለት ጡንቻ ዳነ ማለት አይደለም፤ የተቀጠቀጠ ጡንቻ ኀይሉን እስኪመልስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያስፈልጉታል። ስለሆነም ሕመምተኛው ሐኪሙ ሲፈቅድለት ዓይኑን ወደ አራቱም አቅጣጫ በየቀኑ ያለማምድ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይናፈጥ፤ ሁለት ሲያይም መኪና አይንዳ፣ መሰላልም አይውጣ። ሕመሙ ቢብስ ወይም ብርሃኑ ቢደበዝዝ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይመለስ። ከወራት በኋላም ሁለትነቱ ቢቀር፣ በፕሪዝም መነጽር ወይም ጡንቻውን በማስተካከል የሚረዳ ሕክምና አለ።

ከዚህ ሕክምና የተመለሰ ተማሪ አገጩን ቀና አድርጎ ቢመለከት ወይም ንባቡ ቢዘገይ፣ ይህ ስንፍና ሳይሆን ዓይኖቹን ለማስማማት የሚያደርገው ጥረት መሆኑን ተረድታችሁ፣ በሚመቸው ስፍራ እንድታስቀምጡትና በትዕግሥት እንድትረዱት እንመክራለን።