የማእድ ቤት የግድግዳ ሴራሚክ፤ አመራረጡና አለካኩ

በቤት መሥሪያ ዕቃዎች ንግድ ውስጥ ትንሽ መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን በገዥና በሻጭ መካከል ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያስነሣ አንድ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም በማእድ ቤት ውስጥ ከምድጃውና ከዕቃ ማጠቢያው በስተ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሴራሚክ ነው። የሚሸፍነው ስፍራ በአብዛኛው ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ገዥው ሳይለካ ይገዛል፤ ሻጩም ሳይጠይቅ ይሸጣል። ጉድለቱ የሚገለጠው ግን ሠራተኛው ሥራውን እኩሌታ ካደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የዚህን ሸቀጥ ጠባይ ለይቶ ማወቅ ለአስመጪውም ለባለ ሱቁም ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።

በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የግድግዳው አገልግሎት ነው። በማእድ ቤት ግድግዳ ላይ የወጥ ፍንጣቂ፥ የዘይትና የቅቤ ተን፥ የምጣድ እንፋሎት ዘወትር ያርፍበታል። በርበሬና እርድ ደግሞ በልስን ላይ ካረፉ ቀለማቸው በቀላሉ አይለቅም። በዚህም ምክንያት ለዚህ ስፍራ የሚመረጠው ዕቃ ውሃ የማይመጥ ገጽ ያለው፥ ሙቀትን የሚችልና በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ የሚጸዳ መሆን አለበት። መልኩ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው።

ለዚሁ አገልግሎት ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንጸባራቂ ቅብ ያለው የግድግዳ ሴራሚክ በዋጋውም ሆነ በአያያዙ ለብዙው ሰው የሚስማማ ነው። እብነ በረድ ውበቱ የታወቀ ቢሆንም፥ ሎሚና ኮምጣጤ የነካው እንደ ሆነ ገጹ ይበላል፤ እንዳይመጥም በየጊዜው መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። የማይዝግ ብረት ለምግብ ቤቶች እጅግ ተስማሚ ሲሆን፥ ጭረትን ግን አይሰውርም። መስተዋት የተመረጠ እንደ ሆነ፥ በምድጃው በኩል የሚገባው በሙቀት የተጠናከረው ዓይነት ብቻ ነው።

ሴራሚክ ራሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማስተዋል ያሻል። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 13006 ሴራሚክን የሚከፋፍለው በሚመጠው የውሃ መጠን ነው። ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ የሚመጠው ለግድግዳ ብቻ የሚሠራው ቀላል ዓይነት ነው፤ ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ የሚመጠው ደግሞ ፖርሴሊን የሚባለው ጠንካራ ዓይነት ነው። ይህ ልዩነት አስመጪውን በጉምሩክም ይመለከተዋል። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የዕቃዎች አመዳደብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 በተሻሻለ ጊዜ፥ ቅብ ላለው ሴራሚክ ተለይቶ የነበረው ቁጥር 6908 ቀርቶ ሁሉም በ6907 ተጠቃሏል። ከዚያ ወዲህ እስከ 0.5 በመቶ የሚመጠው በ6907.21፥ ከ0.5 በላይ እስከ 10 በመቶ የሚመጠው በ6907.22፥ ከ10 በመቶ በላይ የሚመጠው በ6907.23 ይመደባል። ስለዚህ የሚመጠው የውሃ መጠን በላኪው ደረሰኝ ላይ ካልተገለጸ፥ ዲክላራሲዮን በሚሞላበት ጊዜ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም።

ልዩነቱ በአለጣጠፍም ላይ ይታያል። ውሃ የሚመጠው የግድግዳ ሴራሚክ በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ የሚለጠፍ ከሆነ አስቀድሞ በውሃ ሊነከር ይገባዋል፤ አለዚያ የድብልቁን ውሃ መጦ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ፖርሴሊን ግን ውሃ ስለማይመጥ ተራው ድብልቅ በሚገባ አይዘውም፤ ለእርሱ የተዘጋጀ ልዩ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ፖርሴሊን ሸጦ ስለ ማጣበቂያው ሳይናገር ደምበኛውን የሚያሰናብት ባለ ሱቅ፥ ግማሽ ዕቃ እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

አለካኩ አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ የሁለቱ ግድግዳዎች ርዝመት 3.20 እና 1.80 ሜትር፥ ከመሥሪያ ጠረጴዛው እስከ ላይኛው ቁም ሣጥን ያለው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ጠቅላላው ስፋት 3 ካሬ ሜትር ነው። ባለ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ሴራሚክ ቢመረጥና ቢቆም፥ 25 ፍሬ በሁለት ረድፍ፥ በድምሩ 50 ፍሬ ይሆናል። ለሚሰበረውና ለሚቈረጠው 10 በመቶ ሲጨመር 55 ፍሬ ይደርሳል። መስኮት ካለ ስፋቱ ይቀነሳል።

አሁን በአንድ ካርቶን 25 ፍሬ ቢኖርና ገዥው ሁለት ካርቶን ብቻ ይዞ ቢሄድ፥ ሂሳቡ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ለኤሌክትሪክ ሶኬት ሲቈረጥ ሁለት ቢሰበሩ፥ ገዥው ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ከአንድ እቶን በአንድ ጊዜ የወጣ ሴራሚክና በሌላ ጊዜ የወጣው፥ ስማቸውና ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም፥ በቀለም ድምቀትና በልክ ጥቂት ይለያያሉ። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ የቀለሙንና የልኩን መደብ በካርቶኑ ላይ ያትማሉ። የመጀመሪያው መደብ ከመጋዘን ካለቀ፥ ገዥው ያለው ምርጫ የማይመሳሰል ግድግዳ መቀበል ወይም የተለጠፈውን ማስነሣት ብቻ ይሆናል። በአምስት ፍሬ ዋጋ ምክንያት ጠቅላላው ሥራ ይበላሻል፤ የሱቁም ስም አብሮ ይነሣል።

ስለዚህ አስመጪው በሚያዝዝበት ጊዜ፥ የእያንዳንዱ ዓይነት ጭነት በሙሉ የአንድ ቀለምና የአንድ ልክ መደብ እንዲሆን በውሉና በባንክ ሰነዱ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል። እንዲሁም አንደኛ ደረጃ መሆኑን፥ ይኸውም ከመቶው ቢያንስ 95ቱ ከሚታይ ጉድለት ነጻ መሆናቸውን፥ ቅቡም ለመሰነጣጠቅ በአይ ኤስ ኦ 10545 ክፍል 11፥ ለእድፍ በክፍል 14 የተፈተነ መሆኑን ማረጋገጥ ይጠቅማል። ኮንቴይነር በሴራሚክ ሲጫን ቦታው ሳይሞላ የክብደቱ ወሰን አስቀድሞ ስለሚሞላ፥ የማጓጓዣው ሂሳብ በኪሎ ሊታሰብ ይገባል። ባለ ሱቁም በበኩሉ መደቡን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍና ከእያንዳንዱ መደብ ጥቂት ካርቶን ለተመላሽ ደምበኛ ቢያቆይ መልካም ነው።

ለደምበኛው የሚሰጠው ምክርም አጭር ነው። ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ፥ የኤሌክትሪኩና የውሃው መስመር ሳያልቅ ሴራሚክ አይለጠፍ። ፍሬዎቹ ከመለጠፋቸው አስቀድሞ በወለል ላይ ተደርድረው ይታዩ፤ ጠባብ ቁራጭ በሚታይ ማዕዘን ላይ እንዳይወድቅም አደላደሉ ከምድጃው መካከል ይጀምር። በፍሬዎቹ መካከል የ2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ ግድግዳውና ጠረጴዛው የሚገናኙበት ስፍራ ግን፥ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ፥ በሲሚንቶ ሳይሆን በሲሊኮን ይሞላ። እርድና በርበሬ ለሚበዛበት ቤት በጣም ነጭ መጋጠሚያ አይመከርም።

ስለ መልኩ የሚያመነታ ገዥ ቢኖር፥ ተራውን ነጭ ማሳየት አያሳፍርም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 በተከፈተው የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነጭ አራት ማዕዘን ሴራሚክ፥ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ ዛሬም በየአገሩ ለማእድ ቤት ይፈለጋል። የጊዜው ፋሽን የሆነ ሥዕል ያለበት ሴራሚክ ግን ወቅቱ ሲያልፍ በመጋዘን ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል።

ደምበኛው ግድግዳውን በየቀኑ ያየዋል። በሚገባ ተለክቶ፥ ከአንድ መደብ ተመርጦ የተሸጠለት ሰው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል፤ አምስት ፍሬ አጥቶ የተመለሰው ግን ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።