በርካሽ የተገዛ ብራና ዋጋው ምኑ ላይ ነው?

ባሕር ዳር ላይ ብራና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ኅዳጉንና ባዶ ቅጠሎቹን ነው። ዳዊት በየቤቱ ስለሚገኝ አሮጌ መሆኑ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንጉሡና የጳጳሱ ስም ያለበት ማስታወሻ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ የታሪክ ሰነድ ሊሆን ይችላል። የተፋቀ የባለቤት ስምም ብዙ ይናገራል፤ መጽሐፉ ከማን እጅ እንደወጣ ፍንጭ ይሰጣል።

ዋጋ ሲያሳስት ታሪካችን ያውቃል። መቅደላ ከወደቀች በኋላ፣ በሚያዝያ 1868 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠ፤ ከዚያ ምርኮ መካከል አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ነበሩ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ የአቡኑን የወርቅ ዘውድና ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። 350 ያህል ብራናዎች ሙዚየሙ ገቡ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 (እ.ኤ.አ.) ክብረ ነገሥትን ጠይቀው አስመልሰዋል፤ አንድ መጽሐፍ ብቻ!

ወደ ገዛችሁት ብራና ስንመለስ፣ የእጅ ሥራ መሆኑን ለመለየት ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት። በወስፌ የተበሱ ቀዳዳዎችና ያለ ቀለም የተጫኑ መስመሮች ይታያሉ። ይህ የእጅ ሥራ መሆኑን እንጂ ጥንታዊነቱን አያረጋግጥም፤ የፊደሉን ቅርጽ የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። የጣና ገዳማት ብራናዎች ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኧርንስት ሐመርሽሚት ማይክሮፊልም ስለተነሡ ማመሳከሪያ አለ።

እባካችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፤ ሥዕሉን ለመሸጥ ቅጠል አትቁረጡ። ከገዳም የወጣ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።