የግድግዳ ላይ መፈክሮች ለምን የወጣቶች መቀለጃ ሆኑ?

በአሜሪካና በብሪታኒያ የሳሎንና የማዕድ ቤት ግድግዳን በአጫጭር የማበረታቻ ቃላት ማስጌጥ የተለመደ ነው። በእንጨት፣ በሸራና በሻይ ኩባያ ላይ ታትመው የሚሸጡት እነዚህ መፈክሮች ለብዙ ቤተሰቦች የቤት ሞገስ ናቸው። በርካታ ወጣቶች ግን ይስቁባቸዋል፤ ቃላቱን እየገለበጡም ይቀልዱባቸዋል። ይህ እንዴት እንደመጣ የሁለት ታዋቂ መፈክሮች ታሪክ ያሳየናል።

የመጀመሪያው "ተረጋጉ፤ ሥራችሁን ቀጥሉ" የሚለው ነው። የብሪታኒያ መንግሥት በ1939 እ.አ.አ ይህን መፈክር ሲያዘጋጅ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደጃፍ ላይ ነበር። ከተሞች በአየር ቢደበደቡ የሕዝቡን ልብ ለማጽናት ታስቦ፣ ከዘውድ ምስል ሥር የተጻፈው ማስታወቂያ በ2.5 ሚሊዮን ገደማ ቅጂ ታተመ። ይሁን እንጂ በሕዝብ ፊት እምብዛም ሳይለጠፍ ቀረ። በ1940 ወረቀት ሲያጥር አብዛኛው ተፈጭቶ ለሌላ ወረቀት መሥሪያ ዋለ።

በ2000 እ.አ.አ በሰሜን እንግሊዝ አልንዊክ ከተማ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ያላቸው ስቱዋርት እና ሜሪ ማንሊ ከጨረታ በገዙት ሣጥን ውስጥ አንድ ቅጂ አገኙ። በፍሬም አድርገው በመደብራቸው ሰቀሉት። ደንበኞች ደጋግመው ስለጠየቁም በቀጣዩ ዓመት እያባዙ መሸጥ ጀመሩ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ተፈላጊነቱ ይበልጥ ጨመረ፤ ከኩባያ እስከ ሽርጥ ያልታተመበት ዕቃ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ዘውዱን ዘቅዝቆ "አሁን ደንግጡ፤ ተሸበሩ" የሚል ቀልድ ተከተለ።

ሁለተኛው "ኑር፣ ሳቅ፣ አፍቅር" የሚለው ነው። ሐሳቡ የካንሳስ ነዋሪ የነበሩት ቤሲ አንደርሰን ስታንሊ "ስኬት ምንድን ነው?" በሚል ውድድር ላይ በ1904 እ.አ.አ ካቀረቡት አጭር ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። ጸሐፊዋ 250 ዶላር የተሸለሙበት ጽሑፍ የሰውን ስኬት በሀብቱ ሳይሆን በአኗኗሩና ለሌሎች በተረፈው በጎነት የሚመዝን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ያ ሰፊ ሐሳብ በሦስት የትእዛዝ ቃላት ተቆርጦ የገበያ ዕቃ ሆነ።

የቀልዱ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ለቦምብ ድብደባ የታሰበ ቃል ኩባያ ላይ ሲታተም ክብደቱን ያጣል። በየቤቱ አንድ ዓይነት ሆኖ የተሰቀለ ምክርም የማንም ምክር አይሆንም። ከሁሉም በላይ ትእዛዙ የሚታዘዘውን ሰው ኑሮ አይጠይቅም። የቤት ኪራይ የከበደውና ቋሚ ሥራ ያጣ ወጣት "ሳቅ" ሲባል፣ "በዚህ ሁኔታ መኖር፣ መሳቅና ማፍቀር አልተቻለም" ብሎ ይመልሳል። ይህ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለመደ ቀልድ ላዩ ሳቅ ቢሆንም ውስጡ እውነተኛ አቤቱታ ነው።

በሌላ በኩል ጽሑፉን የሰቀለችው እናት ምናልባት በኀዘን ወይም በሕመም ጊዜ የተጽናናችበት ቃል ሊሆን ይችላል። ለእርሷ ትዝታ ነው፤ ለልጇ የሱቅ ዕቃ። አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ሲቀር ቀልዱ ቅያሜን ይወልዳል።

ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በከተሞቻችን ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ቁም ነገር ያለው ምክርና ምክሩን የሚገለብጥ ቀልድ ጎን ለጎን ተለጥፈው ይነበባሉ። ተሳፋሪውም በሁለቱም ይዝናናል።

ስለዚህ ልጅ በግድግዳው ጽሑፍ ሲስቅ ወላጅ እንደ ንቀት ከመቁጠሩ በፊት "ምን ከብዶህ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ይበጃል። ልጅም "ይህን ቃል ለምን ወደድሽው?" ብሎ እናቱን ቢጠይቅ፣ ከሦስቱ ቃላት በስተጀርባ ያለውን ሕይወት ይሰማል።